የማስታምማት ታካሚ እምቢ ልትለኝ ትችላለች?

ሰላም ለሁላችሁም። የምጽፈው ከጅማ ነው፤ ነርስ ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚህ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። የመልሶቹ ክር ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። አሁን የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ስለሚቸገር የተባለውን በተራ ቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። የማልስማማበት ቦታ ላይ እዚያው እናገራለሁ።

መጀመሪያ የለጠፍኩት ይህን ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማስተርስ መመረቂያዬ ዳታ የሰበሰብኩት በምሠራበት ዋርድ ነው። የተቋሙን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ከደዶ በኩል የመጡ አንዲት እናት እግራቸው ቆስሎ ተኝተው ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ቁስላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ልጄ እያሉ ነው የሚጠሩኝ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ቁስሉን አጥቤ ጨረስኩ። ጓንቴን አወለቅኩና ከጋውኔ ኪስ የስምምነት ቅጹን አወጣሁ። ሁለት ገጽ ነው። ቆሜ፣ ቶሎ ቶሎ አነበብኩላቸው። ቶሌ (እሺ) አሉኝ። አውራ ጣታቸውን የማህተሙ ቀለም ላይ ጫን አድርጌ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። እሳቸው ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ቀና አሉና ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ጠየቁኝ።

የፈረሙት ለምርመራ መስሏቸው ነው። የደም ውጤት እየጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ ገብቶኛል። ገብቶኝም በቅርቡ ይደርሳል ብዬ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ነርስ ራሷ የምታስታምመውን ሰው ለጥናቷ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች ወይ? ሁለተኛ፣ ያ ሁሉ በመመረቂያ ጽሑፋችን ምዕራፍ ሁለት ላይ የምንደረድረው የነርሲንግ ቲዎሪ እዚህ አልጋ አጠገብ ምን ይለናል? የኔ እምነት ቲዎሪና ሥነ ምግባር አንድ ሥራ ናቸው የሚል ነበር። ለያይተን ስላስቀመጥናቸው ነው ሁለቱም ወረቀት ላይ የቀሩት።

1ኛውን መልስ የጻፉት ብዙ ዓመት የሠሩ ሲስተር ናቸው። በሰላምታና በምርቃት ጀመሩ። እሳቸውም ስንቱን ሰው በጣት እንዳስፈረሙ ሲያስቡት እንደሚከነክናቸው ገለጹ። ከዚያ በትህትና አረሙኝ። ትልቁ ስህተቴ ከፊርማው በኋላ ያደረግኩት ነው ይላሉ። እናትየዋ ውጤት ሲጠይቁኝ እንዳልተረዱኝ በራሳቸው አፍ እየነገሩኝ ነበር። ያኔ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው መጀመር ነበረብኝ። እውነታቸውን ነው። ይህንን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

2ኛው ከአጋሮ የሚጽፍ ጤና መኮንን ነው። ነገሩን ወደ ቋንቋ ወሰደው። ምርምርና ምርመራ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ምርምር ሲባል የታካሚ ጆሮ የሚሰማው ምርመራን ነው። ጅማ ውስጥ ቅጹን ወደ አፋን ኦሮሞ መልሰነዋል ብለን ደግሞ መዝናናት እንደሌለብን አስጠነቀቀ። እዚያም ቆረኖ የሚለው ቃል ጥናትንም የደም ምርመራንም ይይዛል። ስለዚህ ቃሉን ከመቀየር ይልቅ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይሻላል ባይ ነው፦ ይህ ሕክምና አይደለም፣ ውጤት የሚባል ነገርም አይመጣሎትም። ይህን ካነበብኩ በኋላ የድሮ ቅጼን ከመሳቢያ አውጥቼ አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምርምር የሚለው ቃል አራት ቦታ አለ። ሕክምና አለመሆኑን የሚናገር መስመር ግን አንድም የለም።

3ኛው ከረር ያለ ነው። ጸሐፊው ተማሪ ነው። ነገሩን አካብጄዋለሁ ባይ ነው። ኤቲካል ክሊራንሱ (የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ) ተሰጥቷል፣ ደብዳቤው ማህተም አለው፣ ሴትየዋ መርፌ አልተወጉም፣ መድኃኒት አልተሞከረባቸውም፣ የተጠየቁት መጠይቅ ብቻ ነው። ተማሪ ከኪሱ እያወጣ፣ የቤት ኪራይ እየቆጠረበት፣ የዲፌንስ (መመረቂያውን ቀርቦ የሚከላከልበት) ቀን እየደረሰበት ይሠራል። ሁሉም እንዲህ ቢፈላሰፍ በዚህ አገር ጥናት የሚጨርስ ሰው አይገኝም ሲል ደመደመ። ችኮላውን አውቀዋለሁ። ያን ቀን ጠዋት እኔንም ያስሮጠኝ እሱ ነው።

4ኛው ለሦስተኛው የተሰጠ መልስ ሲሆን ጨዋ ግን የማያወላውል ነው። የኮሚቴው ደብዳቤ ለአጥኚው የመጠየቅ ፈቃድ ይሰጠዋል እንጂ በታካሚው ፋንታ እሺ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ሕግ አሥር ነጥቦች አሉት፤ የመጀመሪያው የሰውየው የራሱ የፈቃደኝነት ስምምነት ነው። ከዚያ በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ መጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለው በ2024 ነው። በዚህ ማሻሻያ የሚጠኑ ሰዎች መጠሪያ እንኳ ተቀይሮ ተሳታፊዎች ተብለዋል። መግለጫው በቅድሚያ የተጻፈው ለሐኪሞች ቢሆንም በጤና ጥናት ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲያከብረው ይጠይቃል። ለኔ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሚሆን አንቀጽም አለው። ተሳታፊው በጠያቂው ላይ ጥገኛ ከሆነ፣ ወይም ተጽዕኖ ሥር ወድቆ እሺ ሊል ይችላል ተብሎ ከተሰጋ፣ ፈቃዱን መጠየቅ ያለበት ከዚያ ግንኙነት ውጭ የሆነ፣ ጉዳዩን ግን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው።

ፈተና ላይ 1964 ብዬ ጽፌ ነጥብ አግኝቻለሁ። ያቺን አንቀጽ ግን ማንም አላሳየኝም፤ እኔም ፈልጌ አላየኋትም። የዓመተ ምህረት ትምህርት የሚጎዳን እንዲህ ሲሆን ነው።

5ኛው አጭር ነው፤ ግን ሰቅዞ ይይዛል። ስንት ሰው እንደምንጠይቅ ስናሰላ ሁላችንም የምናውቃትን 384 አነሳ። ምጣኔው 50 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉ 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ ሲሆን ቀመሩ 384 ይሰጣል። ላዩ ላይ ለማይመልሱ ሰዎች 10 በመቶ ሲጨመር 422 ይሆናል። የጸሐፊው ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። 10 በመቶውን የምንጨምረው ሰው እምቢ ሊል ስለሚችል ነው። ታዲያ ባነበባቸው መመረቂያዎች ሁሉ እምቢ ያለው ሰው የት ሄደ? 422 ሰው ተጠይቆ 422ቱም እሺ ካለ ሲጨበጨብ እንጂ ማንም ሲጠራጠር አላየም። እሱ ግን ያንን ቁጥር ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣበት ሰዎቹ እምቢ ማለት እንደሚቻል ተነግሯቸው ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ነው።

6ኛው ዳታ በኤስፒኤስኤስ (በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) እንሠራለን የሚል ማስታወቂያ ነበር። አስተዳዳሪው አነሳው።

7ኛው ወደ ቲዎሪው መለሰን። ቲዎሪ የተባለውን ከነአካቴው አይቀበለውም። የነርሲንግ ቲዎሪ ጸሐፊዎቹ ኦረምም፣ ሮይም፣ ዋትሰንም የጻፉት በአሜሪካ ነው፤ እዚህ አንዲት ነርስ ለብቻዋ ዋርድ ሙሉ ሰው ይዛ ታድራለች ይላል። እኛ ጋ ቲዎሪ ማለት ካለፈው ዓመት ተመራቂ ወረቀት ላይ ቀስት ያለበትን ሥዕል ገልብጦ ኮንሴፕቹዋል ፍሬምወርክ (የጥናቱ ሐሳባዊ ማዕቀፍ) ብሎ መለጠፍ ነው አለ። ቲዎሪ አልጋ አጠገብ እጁን ያስቀየረው ሰው ካለ አንድ ምሳሌ ይስጠኝ ሲልም ጠየቀ። ቁጣው ተገቢ ነው። ጥያቄውም ትክክለኛ ነው።

8ኛዋ ምሳሌውን ሰጠችው። መምህርት ናት። ክሩ ውስጥ ከሁሉም የረዘመ መልስ የእሷ ነው፤ እኔም ብዙ የተማርኩበት ነው። የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1952 ሥራዋን ካወጣችው የነርሲንግ ቲዎሪ ጸሐፊ ከሂልደጋርድ ፔፕላው ነው። ፔፕላው ነርስና ታካሚ ሲገናኙ ነርሷ የምትይዛቸውን ቦታዎች ትዘረዝራለች። መጀመሪያ እንግዳ ናት። ከዚያ መረጃ ሰጪ፣ አስተማሪ፣ መሪ፣ አማካሪ ትሆናለች። ታካሚው በእናት ወይም በእህት ወይም በልጅ ቦታ የሚያስቀምጣት ጊዜም አለ። መምህርቷ ይህንን የኔ ታሪክ ላይ አስቀመጠችው። በአሥረኛው ቀን እኔ ለእኒያ እናት እንግዳ አልነበርኩም፤ ልጅ ሆኜ ነበር። ለእንግዳ እምቢ ማለት ይቻላል። ቁስልህን ላጠበችልህ ልጅ ግን እምቢ እንዳትል ይሉኝታ ይይዝሃል። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ እሺታው የተሰጠው ለወረቀቱ ሳይሆን ለእጄ ነው።

ከዚያ ኦረምን አመጣች። ዶሮቲያ ኦረም የነርስን እገዛ በሦስት ትከፍለዋለች። ሰውየው ምንም ማድረግ ሲያቅተው ሙሉ በሙሉ እናደርግለታለን። ግማሹን ሲችል ግማሹን እናግዘዋለን። ራሱ ሲችል እያስተማርንና እየደገፍን ከጎኑ እንቆማለን። እኒያ እናት እግራቸው ነው እንጂ የታመመው አእምሯቸው አልታመመም። መወሰን ይችሉ ነበር። እኔ ግን ጣታቸውን ራሴ ይዤ ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ ራሴ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ራሱን ስቶ ለተኛ ሰው የሚደረገውን ለሚችል ሰው አደረግኩት ማለት ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ቆየሁ። ስለ ጣታቸው ስጽፍ ዝም ብዬ ያየሁትን ነበር የጻፍኩት። ሌላ ሰው በኦረም ዓይን እስኪያየው ድረስ በጣቱ ላይ የነበረውን ነገር አላስተዋልኩትም። ለኔ ቲዎሪ ማለት ይህ ነው። ያ ሰው ለኔ ምኔ እንደሆነ፣ እኔም ለእሱ ምኑ እንደሆንኩ ይነግረኛል። ያንን ሳላውቅ ምን ዕዳ እንዳለብኝ ላውቅ አልችልም። መምህርቷ በጽሑፏ መጨረሻ ላይ ባርባራ ካርፐርንም ጠቀሰቻት። ካርፐር እ.ኤ.አ. በ1978 የነርስን እውቀት በአራት ስትከፍል ሥነ ምግባርን ከሳይንሱ፣ ከጥበቡና ራስን ከማወቅ ጎን አንዱ የእውቀት ዓይነት አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። እኛ ጋ ግን ሥነ ምግባር እውቀት መሆኑ ቀርቶ ከምዕራፍ ሦስት ግርጌ የምትገባ ግማሽ ገጽ ሆናለች።

9ኛው ነገሩን አከረረው። ያነሳው የተስኪጊን ጉዳይ ነው። በአሜሪካ አላባማ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 600 ጥቁር ወንዶች ተጠኑ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው፤ 201 ያህሉ አልነበረባቸውም። የተነገራቸው መጥፎ ደም አለባችሁ ተብሎ ነው። ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ መድኃኒት መሆኑ ከታወቀ በኋላም አልታከሙም። የጻፈው ሰው ትኩረት ግን ሐኪሞቹ ላይ አልነበረም፤ ዩኒስ ሪቨርስ የምትባለዋ ነርስ ላይ ነው። እሷም ጥቁር ናት፣ እዚያው አካባቢ ትሠራ የነበረች ናት። በመኪናዋ ታመላልሳቸው ነበር፣ ቤታቸው እየሄደች ትጠይቃቸው ነበር። ይወዷት ነበር። ሰዎቹ ለብዙ ዓመታት ከጥናቱ ያልወጡበት አንዱ ምክንያት እሷን ማመናቸው ነው። ነገሩ በጋዜጣ ከወጣና ጥናቱ ከቆመ በኋላ አሜሪካኖቹ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ ከዚያም በ1979 የቤልሞንት ሪፖርት ታተመ። ሰውን ማክበር፣ መልካም ማድረግና ፍትሕ የሚሉት ሦስት መርሆች ከዚያ የመጡ ናቸው።

10ኛው ቱግ ብሎ ገባ። ያ ከሦስተኛው መልስ የማውቀው ተማሪ ነው። በአገሩ ላይ እየለፋ መጠይቅ የሚያስሞላን ነርስ ከተስኪጊ ጋር አንድ ላይ መጥራት ስድብ ነው አለ። ለሕዝብ ብለን በዝናብና በጭቃ እየዞርን ይህ ነው ወይ ክፍያችን ሲል ጠየቀ። 11ኛው ደግሞ መልሶ ተማሪውን ራሱን ነካው፤ አልደግመውም። አስተዳዳሪው ሁለቱንም ገሠጸ።

እኔ ግን እዚህ ላይ አቋም አለኝ። ተማሪው በአንድ ነገር ልክ ነው፤ መጠይቅና በሽታን ሳያክሙ ማየት እኩል አይደሉም። ዘጠነኛው ሰውም እኩል ናቸው አላለም። ያለው የነርስ እምነት ከባድ ዕቃ ነው፣ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል የሚል ነው። ሪቨርስ የታመነችው መልካም ነርስ ስለነበረች ነው። እኔም የታመንኩት ቁስሉን በደንብ ስለማጥብ ነው።

12ኛውን የጻፈው የጤና ባለሙያ አይደለም። እናቱን ሲያስታምም የከረመ ሰው ነው። ስለ ቲዎሪው እንደማያውቅ ተናግሮ ያየውን ብቻ ጻፈ። ነጭ ጋውን የለበሱ ሰዎች በተለያየ ቀን መጥተው እናቱን ጠየቁ። ማን ሐኪም፣ ማን ተማሪ፣ ማን አጥኚ እንደሆነ መለየት አልቻለም። እናቱ እምቢ ብትል መርፌዋ የሚዘገይባት እየመሰለው እሱ ነበር እሺ በይ እያለ የሚገፋፋት። ከጠያቂዎቹ አንድም ሰው ተመልሶ መጥቶ ያገኘውን አልነገራቸውም። ከዚህ መልስ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም።

13ኛው የባልና የሽማግሌ ጉዳይ አነሳ። በገጠር ሴትየዋ ቤተሰብ ሳይሰማ እሺ ካለች ቤት ውስጥ ጣጣ ይመጣል፤ ባልን ብቻ ብንጠይቅ ደግሞ ሴትየዋ ትጠፋለች። በምሳሌነት ወላይታን ጠቀሰ። እዚያ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ በሚመጣው የእግር እብጠት፣ በፖዶኮኒዮሲስ ላይ የዘር ጥናት ሊደረግ ሲል አጥኚዎቹ መጀመሪያ ሕዝቡን ፈቃድ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል ጠየቁት። በሽታው በዘር ነው ከተባለ ቤተሰቡን ሰው ያገለዋል የሚል ስጋት የተሰማው በዚያ ጊዜ ነው። መምህርቷ በዚህ ላይ ሁለት መስመር ጨመረች፤ ነርሲንግን ከባህል ጋር ያያያዘው የላይኒንገር ቲዎሪ ባህሉ ውስጥ የሚጠበቀውን፣ የሚቻቻለውንና የሚቀየረውን ለዩ የሚለው እንዲህ ዓይነቱን ነው አለች። ቤተሰብን ማማከር ይቻቻላል። የመጨረሻው ቃል ግን ከሴትየዋ መምጣት አለበት።

ከ14 እስከ 16 ያሉት ከርዕሱ ወጡ። ለዳታ ሰብሳቢ ፐርዲየም (የቀን አበል) ስንት ይከፈላል፣ ለተሳታፊ ሳሙና መስጠት መደለያ ነው ወይስ ምስጋና፣ ወደ ሊሙ የሚወስደው መንገድ በክረምት ያስኬዳል ወይ። ስለ ሳሙናው ለብቻው ክር ቢከፈት ደስ ይለኛል።

17ኛው ከክሩ ሁሉ እጅ ላይ የሚያዝ ነገር ሰጠን። አዋላጅ ነርስ ናት። ፈቃድ ስትጠይቅ ጋውኗን ታወልቃለች። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይዛ ትገባና አጠገባቸው ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ካነበበች በኋላ ገባዎት ወይ ብላ አትጠይቅም፤ ገባኝ ማለት እንደ ቶሌ ከአንገት በላይ ይባላል። ይልቁንስ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ ይህች ሴት ምን ፈለገች ብለው ይነግሩታል ብላ ትጠይቃለች። በራሳቸው አፍ ሲናገሩ ምርመራ የሚለው ቃል ከወጣ፣ ወረቀቱን አጥፋ እንደገና ትጀምራለች። የራሷ ታካሚዎች ሲሆኑ ደግሞ ከሌላ ዋርድ የሥራ ባልደረባዋን ትጠራለች፤ እሷም በተራዋ ለባልደረባዋ ትሄድላታለች። ብር አይጠይቅም። ከኛ የሚፈልገው ተራ መያዝ ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ ከዚህ በታች ያ የተቆጣው ተማሪ ተመልሶ መጥቶ ስለ በርጩማው ጠየቃት። አንዱን ሰው ለመጨረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ማወቅ ፈልጎ ነው። መለሰችለት። አመሰገናት።

18ኛው ለኔ የመጣ ጥያቄ ነው፤ ትናንት ማታ። ጸሐፊው ሰላምታም አላስቀደመም። የእኒያ የደዶዋ እናት ቅጽ ከጥናቱ ወጥቷል ወይስ ተቆጥሯል?

ተቆጥሯል። ከ422ቱ አንዷ እሳቸው ናቸው። እምቢ ያሉ በሚለው ሳጥን ውስጥ ዜሮ ጽፌያለሁ፤ ዲፌንስ ላይም ተመስግኜበታለሁ። ወረቀቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ለአማካሪዬ ሁሉንም ጽፌ ልኬያለሁ። እስካሁን መልስ አልመጣም፤ ሲመጣ እዚህ እጽፈዋለሁ።